ኢብን ማጂድ፦ በወሬ ስሙ የጠፋው የባሕር ሙዓሊም



አሕመድ ኢብን ማጂድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ መርከብ መሪ ነው። የተወለደው በጁልፋር፣ ዛሬ ራስ አል‐ኸይማ በምትባለው አካባቢ ነው። የጁልፋር ሰው ኑሮው ከባሕር ነበር፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ለሉል ይጠልቃል፣ በመርከብ ይነግዳል። የኢብን ማጂድ አባትም አያትም መርከብ መሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ዐረቦች «ሙዓሊም» ይሉታል፤ እኛ በመድረሳ አስተማሪያችንን የምንጠራበት ቃል ነው።

ስሙም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ ባጠናቀቀው «ኪታቡል ፈዋኢድ» የኮከብን ከፍታ በጣት መለካትን፣ የነፋስን ወቅቶች፣ የብስ መቅረቡን የሚጠቁሙ ወፎችንና የባሕር እባቦችን አስተምሯል።

ታዲያ ስሙ እንዴት ጠፋ? በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማን ከማሊንዲ፣ ከዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ፣ ወደ ህንዷ ካሊከት የመራው እሱ ነው ተባለ። ቁጥቡዲን አን‐ነህረዋሊ «ሰክሮ መንገዱን አሳያቸው» የሚለውን የጻፉት ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የጻፉ የፖርቹጋል ታሪክ ጸሐፊዎች ግን መሪው የጉጃራት ሰው ነበር ይላሉ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ክሱን አይቀበሉትም።

እኛም ሳናጣራ ስናወራው ኖረናል። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ የሰበሰበውን ዕውቀት ጽፎ ያለፈን ሰው ባልተረጋገጠ ወሬ ብቻ ማስታወስ በደል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ሲነሳ ኪታቡን እናንሳ። አላህ ይዘንለት።

ወሏሁ አዕለም።