የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ወሰኑ እስከ የት ነው? ከአምስተርዳም የሙያ ማኅበር እስከ ሄግ መዝገብ

እንደሚታወቀው ስለ ፌዴራል ሥርዓት በአገራችን ምሁራን መካከል የሚካሄደው ክርክር በአመዛኙ በመሬት፣ በቋንቋና በበጀት ላይ ያተኮረ ነው። የሙያ ፈቃድ ጉዳይ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው የሌላውን አፍ ከፍቶ ጥርስ እንዲነቅል መፍቀድ ራሱን የቻለ የመንግሥት ሥልጣን ነው። ይህ ሥልጣን የማዕከሉ ነው ወይስ የክፍላተ ሀገሩ? ጥያቄውን በስደት በምንኖርባት በኔዘርላንድስ ታሪክ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድስ የሰባት አውራጃዎች ኅብረት ስትሆን፣ በሕክምና ረገድ ሥልጣኑ በዋነኛነት የከተሞች ነበር። በአምስተርዳም የቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ጊልድ በተባለው የሙያ ማኅበራቸው አማካይነት ተለማማጁን ያሠለጥኑ፣ ይፈትኑና ይፈቅዱ ነበር። ሬምብራንት በ1632 የሣለው የዶክተር ቱልፕ የአካል ጥናት ትምህርት የተሰኘው ሥዕል በዚሁ ማኅበር ትእዛዝ የተሠራ ነው። በ1638 ደግሞ ከተማዋ የመድኃኒት ቀማሚዎችን ሥራ የሚቈጣጠር የሕክምና ጉባኤ አቋቋመች። ጊልዱ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ከከተማው ወሰን አያልፍም ነበር። ከዚህም ሌላ ጥርስ መንቀል በአብዛኛው ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ሰዎች ሥራ ነበር፤ ያን ስቴን በ1651 የሣለው ጥርስ ነቃይም ከእነዚህ አንዱ ነው። የአገራችን ወጌሻ ቢያየው የሙያ ዘመዱን ባላጣው ነበር።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው በደረጃ ነው። የ1798 የባታቪያ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ጊልዶችን ሻረ። በ1818 የወጣው ሕግ የመፈተንና የመቈጣጠር ሥራን ለክፍለ ሀገር የሕክምና ኮሚሽኖች ሰጠ። ነገር ግን የከተማ ሐኪምና የገጠር ሐኪም የሚለውን ልዩነት አጸደቀ፤ የገጠሩ ሐኪም ከተፈቀደለት ክፍለ ሀገር ውጭ የመሥራት መብት አልነበረውም። በ1828 በሮተርዳም የተከፈተው የክሊኒክ ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉትን ሐኪሞች ያሠለጥን ነበር። ስለዚህ የከተማው ወሰን በክፍለ ሀገር ወሰን ተተካ እንጂ ወሰንነቱ አልቀረም።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በቶርቤከ መንግሥት ዘመን ነው። በሰኔ 1865 የወጡት አራት ሕጎች በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የመንግሥት ፈተና፣ አንድ ዓይነት የሐኪምነት ፈቃድና የመንግሥት ተቈጣጣሪዎችን አቋቋሙ። በ1876 የጥርስ ሕክምና የራሱ የመንግሥት ፈተና ተወሰነለት፤ በ1877 በኡትሬክት ትምህርቱ ተጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአሮጌው ሕግ የተፈቀደላቸው የገጠር ሐኪሞች ከሙያቸው አለመባረራቸው ነው፤ የነበራቸው የተወሰነ መብት ተጠብቆላቸዋል። በ1993 የወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ የ1865ቱን ተክቶ የጥርስ ሐኪሙን ጨምሮ ባለሙያዎችን በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ሥር አስገባ፤ መዝገቡም በሄግ ነው። የአምስተርዳሙ ማኅበር ሥዕል በ1828 በንጉሥ ቪለም ቀዳማዊ ተገዝቶ፣ ዛሬ ከስቴን ጥርስ ነቃይ ጋር በሄግ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሥልጣኑም በኋላ ያንኑ መንገድ ተከተለ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፌዴራላዊ የሆነችው አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ መርጣለች። አላባማ በ1841 የጥርስ ሕክምናን በሕግ ስትደነግግ ከክፍላተ ግዛቱ የመጀመሪያዋ ነበረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1889 በዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም ጉዳይ ክፍለ ግዛት የሙያ ፈቃድ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው አጽንቷል። ነገር ግን በ2015 ይኸው ፍርድ ቤት በኖርዝ ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ላይ ፈረደ። አብዛኞቹ አባላቱ በሥራ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች የሆኑት ይህ ቦርድ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ጥርስ የማንጣት አገልግሎት እንዳይሰጡ ከልክሎ ነበር። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በንቃት ስላልተቈጣጠረው ከፌዴራል የውድድር ሕግ ነጻ ሊሆን አይችልም ተባለ። የጊልድ ጠባይ በክፍለ ግዛት ቦርድ ልብስም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው «ማዕከል ወይስ ክልል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። በውስጡ አራት ጥያቄዎች ተጠቅልለዋል፤ መመዘኛውን ማን ያወጣል? ማን ይፈትናል? ፈቃዱ እስከ የት ይሠራል? ፈቃድ ሰጪውንስ ማን ይቈጣጠራል? መፈተንንና መመዝገብን ለክልል መስጠት ይቻላል። የመመዘኛው አንድነትና የፈቃዱ አገር አቀፍነት ግን ከተከፋፈለ ውጤቱ የ1818ቱ ኔዘርላንድስ ነው።

በአገራችን በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ጉዳዩን በማዕከል እጅ አድርጎት ነበር። የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 አገር አቀፍ የጤና መመዘኛ ማውጣትን ለፌዴራሉ ሰጠ፤ በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች ተወ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን አንቀጽ 41 ነው፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ስፍራ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በእኛ አስተያየት ይህ አንቀጽ የክርክሩ ቍልፍ ነው። በባሕር ዳር የተፈቀደለት የጥርስ ሐኪም በጅማ እንደ ባዕድ የሚታይ ከሆነ የተጣሰው የሐኪሙ መብት ብቻ አይደለም፤ የጅማው በሽተኛም ሐኪም ያጣል። በ2019 ለጤና ተመራቂዎች የተጀመረው አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና በዚህ ረገድ ተገቢ እርምጃ ነው፤ ፈታኙን የሚቈጣጠር አካል ግን ከፈተናው ያላነሰ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለስደተኛው ምሁር ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1978 የጥርስ ሐኪሞች ዲፕሎማ በአባል አገሮቹ መካከል እንዲታወቅ ወሰነ፤ ስለዚህ የሊዝበን ሐኪም በሮተርዳም በር ይከፈትለታል። ከአዲስ አበባ የመጣው ግን በቋንቋና በሙያ ፈተና ማለፍ አለበት። ባዕድ አገር ዕውቀታችንን ቢፈትን መብቱ ነው። የገዛ አገራችን ልጆቿን ከክልል ክልል ሲሻገሩ እንደ ባዕድ ብትፈትን ግን ምክንያቱን ማስረዳት ይቸግራታል።