ማዘርቦርድ ወደ አምቦ የመጣበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ጌዶ ሥራ ይዞ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ሁለት ፎቶ ልኮ «ቲቸር፣ ጌም የምጫወትበት ኮምፒውተር ቤቴ ራሴ ልገጣጥም ነው። ከሁለቱ ማዘርቦርድ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ብሩን ከደመወዙ ላይ እየቀነሰ ከአንድ ዓመት በላይ ያጠራቀመው ነው። ወዲያው ልመልስለት ጀመርኩና ተውኩት። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ቸኩዬ በሁለት መስመር መልሼ የሰው ብር አስበልቻለሁ።

እናም መልሱ ረዘመ። ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን። ማዘርቦርድ የሚባል ነገር ውስጡ መኖሩ የሚታወቀው ሲሞት ነው። አንድ ቀን አምቦ ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሠራተኛው አንዱን ልጅ «ማዘርህ ተቃጥላለች፣ አትድንም» ሲለው አጠገባችን የነበሩ እናት አማትበው ከወንበራቸው ተነሱ። ልጁ ግን ሳቀ።

ይህቺ «ማዘር» ታሪክ አላት። በነሐሴ 1973 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1981) አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ፣ ቸኩሎ ስለነበር አብዛኛውን ዕቃ ከሌሎች ገዝቶ ነበር የሠራው። ቦርዱ ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ቦታዎች ተወ፤ የቦርዱን ንድፍም በመጽሐፍ አሳተመው። ሌሎች እንዳይቀዱት የሚከለክለው ባዮስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ኮምፓክ ደግሞ በዓመቱ የአይቢኤምን ኮድ ሳይነካ የራሱን ጽፎ ያንን አጥር ዘለለው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ከአንዱ ቦርዱን፣ ከሌላው ካርዱን ገዝቶ መገጣጠም ቻለ።

መጀመሪያ ላይ ግን አደጋ ነበረው። በ1984 የወጣው ኤቲ የሚባለው ዓይነት ቦርድ መብራት የሚያገኘው በሁለት መንታ መሰኪያ ነው፤ ጥቁር ሽቦዎቹ መሃል ላይ ጎን ለጎን መግጠም አለባቸው። ካገላበጥካቸው ቦርዱ ተቃጠለ ማለት ነው። በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ አወጣ። መሰኪያው አንድ ሆነ፣ ተገልብጦም አይገባም። የቦርዱ መጠን 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም የታወቀ ቦታ ላይ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ትንሹ ማይክሮ ኤቲኤክስም የዚያኑ ቀዳዳዎች ነው የሚጠቀመው። ይቺን የቀዳዳ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ልክ ከወጣለት ችግሩ የት መጣ? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ። ዴል በ1990ዎቹ መጨረሻ መሰኪያው ኤቲኤክስ የሚመስል፣ የሽቦው አደራደር ግን የተለየ ቦርድ ይሠራ ነበር። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዝተህ ስትሰካበት ልክክ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ጭስ። በኋላ ደግሞ እነ ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ባለ 8 እግር፣ የኤችፒው ኤሊትዴስክ 800 ባለ 6 እግር የራሳቸው መሰኪያ ይዘው መጡ። ተራው ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ነው። በክፋት አይደለም። ዕቃው የተሠራው በሺህ ለሚገዛ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ከፍቶ ምንም አይጨምርበትም፣ ሲያረጅ በጅምላ ይሸጠዋል።

የሚሸጠው ደግሞ ለእኛ ነው። ከፈረንጅ ቢሮ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜ በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በካርቶን ተጠቅልሎ መኪና ላይ ይጫንና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ የተረፈው ጉደርና ባኮ ይወርዳል። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ስንቶቻችን ኮምፒውተር የተማርነው በዚህ ዕቃ ነው! ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ ማዘርቦርድ መርጠን አናውቅም። የመረጠልን የማናውቀው አገር ያለ፣ የማናውቀው መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ነው። ያ የግዢ ክፍል ደግሞ ስለ ጌም አላሰበም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ከዓመታት በፊት የጉደር ልጅ የሆነ ተማሪዬ ጠየቀኝ፤ አባቱ ጊደር ሸጠውለታል። «ዩዝድ ኮር አይ ፋይቭ፣ አራተኛ ትውልድ ግዛ። ግራፊክስ ካርዱን በኋላ ትጨምራለህ» አልኩት። ፕሮሰሰሩን ነገርኩት፣ ራሙን ነገርኩት፣ ስለ ማዘርቦርዱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልጁ ስሊሙን ገዛ፣ ቆንጆ፣ ጠረጴዛ የማይሞላ። በዓመቱ ደህና ግራፊክስ ካርድ አግኝቶ ይዞልኝ መጣ። ካርዱ ከኬዙ ይረዝማል። ፓወር ሰፕላዩ ለካርዱ የሚሆን ገመድ የለውም። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ እንቀይር ስንል መሰኪያው አይገባም። ቦርዱን አውጥተን ሌላ ኬዝ ውስጥ እንክተት ስንል ቀዳዳው አይገጥምም። ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ካርዱ በኪሳራ ተሸጠ። አባቱ ምንም አላሉኝም፤ ቤታቸው ስሄድ ቡና አስፈልተው ጋበዙኝ። እሱ ነው የባሰብኝ።

(ዛሬ ቢሆን እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ አጭር ካርድ እመክረው ነበር፤ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ተጨማሪ ገመድ ሳያስፈልገው ከቦርዱ ላይ ያገኛል። ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ዘግይቼም ቢሆን ይቅርታ።)

ሌላው የታሪክ ምዕራፍ ካፓሲተር ነው። በ1998 ዓ.ም. ተገጣጥሞ የተሸጠልኝ የራሴ ኮምፒውተር ነበረኝ። የሰፈር ልጆች ካውንተር ስትራይክና ሳን አንድሪያስ ሲጫወቱበት ያመሹ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ራሱን እያጠፋ አስቸገረ። ሁላችንም የረገምነው መብራቱን ነው። ስከፍተው ግን ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቆርቆሮዎች አናታቸው አብጦ፣ አንዳንዶቹ ቡናማ ፈሳሽ አውጥተው አገኘኋቸው። ለካ ዓለም አቀፍ በሽታ ኖሯል! ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ፈሳሹ የተበላሸ ካፓሲተር ገብቶ ነበር። ዴል ብቻውን በ2005 ለዚህ ጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። መብራታችንን ነፃ ላወጣው አይደለም፤ ሄዶ ሲመለስ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ። ስታብላይዘር ሳይኖር ፓወር ሰፕላይ ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነው። የዛሬዎቹ ቦርዶች ግን በአብዛኛው ፈሳሽ የሌለው ድፍን ካፓሲተር ነው ያላቸው። ዩዝድ ቦርድ ስታዩ መጀመሪያ አናታቸውን እዩ።

ወደ ሁለቱ ፎቶ ልመለስ። አንዱ ከቻይና የሚመጣው ኤክስ99 የሚሉት ነው፤ በ2014 ለሰርቨር ከተሠራ ዚዮን ፕሮሰሰር ጋር ይሸጣል። ቦርዱ አዲስ ይመስላል፤ ዋናው ቺፕ ግን ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ቦርድ ተነቅሎ የተበየደ ነው። ኮሩ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ያጓጓል። ጌም ግን ከኮር ብዛት ይልቅ የእያንዳንዱን ኮር ፍጥነት ይፈልጋል። ሶኬቱም መንገዱ ተዘግቷል፤ ነገ የሚገባበት አዲስ ፕሮሰሰር የለም። ሁለተኛው ቢ450 ነው፣ ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ያለው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ።

ሶኬት ላይ ኢንቴል ሰውን አስለቅሷል። በ2017 ስምንተኛው ትውልድ ሲወጣ ሶኬቱ እዚያው ኤልጂኤ 1151 ነበር፤ እግሩ ቁጥሩ አልተቀየረም፤ ግን የዓመት ቦርድ ላይ አይነሳም። ኤኤም4 በተቃራኒው በ2017 ከመጀመሪያው ራይዘን ጋር ገበያ ገብቶ በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ሳይቀር ተቀብሏል። ደመወዝ በየወሩ እየቆጠበ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ርካሹን ፕሮሰሰር ሰክተህ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቦርዱን ሳትነካ ትቀይራለህ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ (ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል) ቦርድ ሁለቴ መግዛት የሚችል ሰው አላውቅም።

አንድ ወጥመድ አለው። ቢ450 የወጣው በ2018 ነው፤ ባዮሱ ካልታደሰ አዲሱን ራይዘን አያውቀውም። ለማደስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ ጌዶ ላይ ከማን ይዋሳል? ስለዚህ «ፕሮሰሰሩን ሱቁ ውስጥ አሰክተህ፣ ስክሪን ላይ ሲነሳ በዓይንህ አይተህ፣ ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሂድ» አልኩት።

እንዲህ አድርጌ በረጅሙ ጻፍኩለት። አንብቦ ሲጨርስ የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ኬዝስ? ለኬዝ ብር አልተረፈኝም።»

ያ ካፓሲተሩ ያበጠው ኮምፒውተሬ ኬዝ እስካሁን እቃ ቤት አለ። ትናንት አውርጄ አቧራውን ጠረግኩና ቀዳዳዎቹን በሜትር ለካኋቸው። ልክ ናቸው። ንፋስ የሚያስገባው ጎኑ ግን በጣም ጠባብ ስለሆነ ቆርቆሮውን መብሳት ይኖርብናል። ቅዳሜ ሊመጣ ነው፤ ድሪል ያላችሁ አምቦ ያላችሁ ሰዎች አውሱን።