ያገለገለ ሞተርና የደብረ ታቦር ቁልቁለት

ደብረ ታቦር ሲነሣ የጋፋት ስም አብሮ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮጳ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስቀምጠው ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለትን ሴባስቶፖልን ማሠራታቸውን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን መድፉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነበር። በመካከሉ የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ነበሩ፤ መንገዱም የተቆረጠው ለመውጣት ብቻ ሳይሆን ለመውረድም ጭምር ነው። ከባድ ጭነትን በዳገት መሳብ አንድ ሥራ ነው፤ በቁልቁለት መያዝ ደግሞ ሌላ። የደቡብ ጎንደር ደጋ ይህን ያወቀው ሞተር ከማየቱ በፊት ነው።

ሞተሩ የመጣው ከወራሪ ጦር ጋር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ሲሆን፣ የኢጣሊያ ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። መኪኖቹ አርጅተው አለቁ፤ ቃላቸው ግን በየጋራዡ ቀረ። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የማይል መካኒክ ዛሬም አይገኝም። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሁሉ፣ ከሞተ መኪና ፈትቶ በሕይወት ላለው መግጠም የሙያው ዋና ክፍል ሆኖ ኖሯል። ይህን ብልኀት ከድኽነት ብቻ የመነጨ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን በቂ ክብር ያልተሰጠው ምሕንድስና ነው እላለሁ።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና የሚከተለው በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራውን የወረታ–ወልዲያን መንገድ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው የ100 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ የሚሰጠው 75 ያህሉን ነው። ፋሻው ያለቀበት ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ባለመኪናው ዳገቱ ሲያቅተው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ፣ ግን ከፍ ያለ ሞተር ይፈልጋል።

ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የአንድ ቤተ ሰብ ናቸው። 2.4 ሊትሩን በ2.8 ወይም በ3 ሊትሩ መተካት ለደኅና መካኒክ ብዙ አያስቸግርም። የሚያሠጋው የቤንዚን መኪና ወደ ናፍጣ ሲለወጥ ነው። የቤንዚን ሞተር በአየር ማስገቢያው በኩል ቫኪዩም ይፈጥራል፤ የፍሬኑ ሰርቮም የሚታገዘው በዚሁ ነው። የናፍጣው ሞተር አየሩን ሳያንቅ ስለሚስብ ይህ ቫኪዩም የለውም፤ ለብቻው የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ፓምፑ የሚገኘው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞው ተፈትቶ ለብቻው ከተሸጠና በምትኩ ፓምፕ የሌለው ከተገጠመ፣ ሞተሩ ያለ እንከን ይነሣል፣ ዳገቱንም ይወጣል፤ ፔዳሉ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በሞተር የመያዙም ነገር በናፍጣ ሲሆን ከቤንዚኑ የደከመ ነው። በዚህ ላይ ሰርቮው የሚሠራው በውጭው አየርና በቫኪዩሙ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ ፓምፑ ደኅና ቢሆን እንኳ በደጋ ላይ ርዳታው ከቆላው ይቀንሳል።

ገዢው ሞተሩን የሚፈትነው አስነሥቶ ድምፁን በመስማት፣ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ጭሱን በማየት፣ ቢበዛ ኮምፕሬሽኑን በመለካት ነው። ሁሉም ሽቅብ ለመውጣት የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። ሊብሬውም ቢሆን የሞተሩን ቁጥር ይመዘግባል እንጂ፣ ፓምፑ አብሮት ስለ መምጣቱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።