ግራው የድሮ፣ ቀኙ የዛሬ፦ የሐሙሲት አካባቢ በሁለት ካርታ

የመጽሔቱ ኮሚቴ «ከተመረቅህ ወዲህ ያለውን ጻፍልን» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለ ሹመትና ስለ ሕንጻ የሚጽፉ ብዙ የባቻችን ልጆች አሉ። እኔ ያለኝ አንድ ያሳፈረኝ ጉዳይ ነው፤ እሱንም ብጽፈው ለጂኦግራፊና ለታሪክ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው።

«በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ታስታውሳላችሁ? ፈተና ላይ ያልጻፋት አለ ወይ! እኔ ሐሙሲት አጠገብ ተወልጄ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እየዋልኩ ያደግሁ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ አገር በቀል ደን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን እንደ ወንጌል ነው የተቀበልኳት። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ ቁጥሯ በልኬት የተገኘች አለመሆኗን እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፎ እንደነበር ያወቅሁት ከተመረቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ታድያ እውነቱን በምን እንይ? መልሱ ሳይታሰብ ከጠላት እጅ ተርፎልናል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ በአውሮፕላን እየዞረ አገራችንን ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ለጦርነቱና ለካርታ ሥራው ነው እንጂ ለእኛ አስቦ አይደለም። ፎቶዎቹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው፣ ድሮ የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ በምንለው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ተቀምጠው ኖረዋል። የጌንትና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው ሲቆጥሯቸው 8,281 ሰሌዳ፣ ወደ 34,000 ፎቶ ሆኑ። አንዱ ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ አለ፤ ከሱ ጋር ወደ ጎን ዘመም ተብሎ የተነሱ ሌሎች አሉ። ይህቺን «ዘመም» ያዙልኝ፣ ጉዴ ከሷ ነው የመጣው።

የአካባቢያችንን ፎቶ ስካን ቅጂ እንዳገኘሁ፣ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር በአንድ ካርታ ላይ ለማሳየት ተነሳሁ። መሃል ላይ የቆመ ዘንግ አለ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትጎትቱታላችሁ፤ በግራው የ1938ቱ፣ በቀኙ የዛሬው መሬት ይታያል። ልክ መጋረጃ እንደ መግለጥ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ሊፍሌት የሚባለውን የድረ ገጽ ካርታ መሥሪያ ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን እ.ኤ.አ. በ2011 በነፃ ለቆታል። የጎን ለጎን ማነጻጸሪያውን ደግሞ ግሬጎር ማክሌናን የተባለ ባለሙያ ለዲጂታል ዴሞክራሲ ሠርቶታል። ይህ ድርጅት በአማዞን ያሉ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን ራሳቸው በካርታ እንዲያሰፍሩ የሚያግዝ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ሁለቱ ምስሎች በአንድ ቦታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ሙሉ በሙሉ ተጭነዋል። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ፕሮግራሙ የአንዱን ሌየር ቀኝ፣ የሌላውን ግራ ይሸፍናል። ካርታውን ስትገፉት ወይም ስታጎሉት ቁርጡን እንደገና ያሰላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለቱ ምስሎች በትክክል መግጠም አለመግጠማቸውን ግን አይመረምርም። እንዳስቀመጣችሁለት ያሳያል።

ዓይን ደግሞ እንዲህ ባለ ነገር ቶሎ ያምናል። ክላይድ ቶምቦ ፕሉቶን እ.ኤ.አ. በ1930 ያገኛት በተለያየ ሌሊት የተነሱ ሁለት የሰማይ ፎቶዎችን እያፈራረቀ በማየት ነው፤ ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆሙ እሷ ዘለለች። ዘዴው የሚሠራው ግን የቀሩት ከዋክብት ሁሉ በትክክል ከተነባበሩ ብቻ ነው።

እኔ ያንን አላሰብኩም። የድሮውን ፎቶ ከካርታ ጋር ለማያያዝ አምስት ነጥብ ብቻ ወሰድኩ፤ አምስቱም ሜዳው ላይ፣ መንገዱ አጠገብ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ግን ጉብታ ላይ ነው፤ ፎቶውም ከዘመሙት አንዱ ነበር። እንዲህ ባለ ፎቶ ራቅ ያለው መሬት ይጨመቃል፣ ከፍ ያለው ቦታውን ይለቃል።

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፕሮጀክተር ይዤ ለሰበካው አሳየሁ። ዘንጉን ስጎትተው የደኑ ምሥራቃዊ ጠርዝ ዘልሎ የሰው እርሻ ውስጥ ገባ። «አያችሁ፣ ደናችን ግማሹ ታርሷል!» አልኩ፣ እንደ አዋቂ። ጉርምርምታ ሆነ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ብድግ ብሎ «እኔ የይዞታ ደብተር አለኝ፤ አባቴም ያረሰው መሬት ነው፤ ሌባ ነህ ልትለኝ ነው?» አለኝ። ከኋላ ደግሞ «ዱሮም እንል ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። ያን ጊዜ ነው የያዝኩት ነገር እሳት መሆኑ የገባኝ።

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ልጄ፣ እስቲ መልሰው» አሉኝ። መለስኩት።

«አሁን ደግሞ ግፋው።» ገፋሁት።

«ቤተ ክርስቲያኑስ ምን ሆኖ ነው አብሮ የሚሄደው?»

እውነትም የድሮው የሣር ክዳን ክብ ሆኖ መቃብሩ ላይ አርፏል፤ የዛሬው ቆርቆሮ ከሱ ወዲያ ነው። «አባ፣ ምናልባት ድሮ እዚያ ተሠርቶ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆርቆሮ ለበሰ እንጂ መቅደሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የዞረው ያንተ ሥዕል ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ገበሬው ግን አልሳቀም። ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሁን ነጥቦቹን የመረጥኩት ከቄሰ ገበዙና ከገበሬው ጋር በእግሬ እየዞርኩ ነው፦ መቅደሱ፣ ሁለት ጅረት የሚገናኙበት፣ የማይነቃነቅ ቋጥኝ፣ አንድ ዋርካ። 23 ነጥብ ሆኑ። ዘመም ያለውን ትቼ በቀጥታ የተነሳውን ፎቶ ያዝኩ፤ የጉብታውንም ከፍታ በስሌቱ አስገባሁ። ዘንጉን ሳንቀሳቅስ ክቡ የሣር ክዳን ከቆርቆሮው ሥር ገባ።

ደኑስ? ጠርዙ ያው ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ ተጨምሮበት ሰፍቷል። የጠፋው ከደኑ ውጭ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑና በጅረቱ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ። የገበሬው መሬት በ1938ቱ ፎቶ ላይም እርሻ ነው፤ የትልሙ መስመር ሳይቀር ይታያል።

ይህ የእኛ ቀበሌ ነገር ብቻ አይደለም። ፒተር ስከልና ካትሪን ካርደሉስ ያሉበት ቡድን የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእነዚሁ ፎቶዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትሟል፤ ደኖቹ በስፋት ብዙም እንዳልተነኩ፣ የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው መሬት እንደሆነ ያሳያል። ስፋቱ አልተነካም ማለት ግን ደኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደኖች ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ ችግኝ ከከብት ካልተጠበቀ እንደማይተካ አስረድቷል። ከላይ የተነሳ ፎቶ የዛፉን አናት እንጂ ከሥሩ ችግኝ መኖሩን አይነግርም።

አዲሱን ካርታ ይዤ ስመለስ ፕሮጀክተር አልወሰድኩም፤ በስልክ ነው ያሳየሁት። መጀመሪያ ገበሬው ቤት ሄድኩ። ዘንጉን ራሱ ያዘና ብዙ ጊዜ አመላለሰው፤ ከዚያ ለእናቱ ሰጣቸው። እማማ ደኑንም እርሻውንም አላዩም። ዘንጉን እስከ ቀኝ ጥግ ገፍተው የድሮውን ብቻ አስቀሩና «ገበያው የታል?» አሉኝ። ወደ ምዕራብ ሳብኩላቸው፤ ፎቶው ገበያው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። «ቀጣዩን አምጣዋ» አሉ።

ከእናንተ መካከል በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ያለ ወይም ከሐሙሲት ወደ ጣና ያለውን ሰሌዳ ያየ ካለ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ያግኘኝ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።