ጌታነህ ከበደ

ጌታነህ ከበደ (የተወለደው 1984 ዓ.ም.፣ ዲላ) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ አጥቂ ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ብዙ ግብ ካስቆጠሩ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የጉራጌ ዞኑን ወልቂጤ ከተማ ክለብ እየወከለ የዋልያዎቹ አምበል ነበር።

የክለብ ሕይወት

ጌታነህ ከደቡብ ፖሊስ ወደ ደደቢት ተዛውሮ በ2005 ዓ.ም. ክለቡ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የውድድሩ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። በዚያው ክረምት ለደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ፈረመ፤ በውሰት ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያም ተጫውቷል። ወደ ደደቢት ከተመለሰ በኋላ በ2009 ዓ.ም. 25 ግቦችን አስቆጥሮ በድጋሚ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። ቀጥሎም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰልፏል።

ወልቂጤ ከተማ

«ሠራተኞቹ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ወልቂጤ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ መሳተፍ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ጌታነህ ክለቡን የተቀላቀለው ለ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ የተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ስለነበር፣ የወልቂጤ ደጋፊዎች የብሔራዊ ቡድኑን አምበል በከተማቸው ሜዳ የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ ለማየት አልታደሉም።

ብሔራዊ ቡድን

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005ቱ ውድድር ጌታነህ የቡድኑ አባል ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ 1 ለ 0 ስትመራ የአቻነቱን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ባስቆጠረው ግብ ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ቡድኑ ምድቡን በመሪነት ቢያጠናቅቅም በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸንፎ ከዓለም ዋንጫው ቀረ።

በ2014 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድኑም እንደ ወልቂጤ «የሜዳውን» ጨዋታ ከሜዳው ውጪ ለማድረግ ተገደደ። ኅዳር 2 ቀን ኢትዮጵያ ጋናን ያስተናገደችው በጆሃንስበርግ ሲሆን፣ አንድሬ አየው በቅጣት ምት ጋናን ቀዳሚ ቢያደርግም ጌታነህ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረ።

በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን ደግሞ 4 ለ 1 ተሸነፈች። ጥር 9 ቀን በባፉሳም ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ጌታነህ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠራት ግብ ለኢትዮጵያ በውድድሩ ያገኘችውን ብቸኛ ነጥብ አስገኝታለች።