ኢስላም አሜሪካ የገባው መቼ ነው? የዑመር ኢብን ሰዒድ ብዕርና የአሜሪካ ሕገ መንግሥት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዒሻ ሰላት በኋላ ከመስጂድ ግቢ ቶሎ የማይወጡ ልጆች አሉ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ እኔም በር ልዘጋ ስል ወሬያቸው ጆሮዬ ይገባል። ሰሞኑን ወሬው ዲቪ ነበር። አንዱ «እዚያ ሄዶ ዲንን መያዝ ከባድ ነው። አገሩ የኛ አይደለም። ኢስላም እዚያ የገባው ትናንት ነው፤ ከስደተኞች ጋር በአውሮፕላን» አለ። ሌላው ደግሞ «ተው እንጂ! የእነሱ ሕገ መንግሥት እኮ ሁሉንም እኩል ያደርጋል፤ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ቁልፉን እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ምሽት የነገርኳቸውን ነው አሁን ሰፋ አድርጌ የማቀርብላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪ ምድሪቱና ወደ እሷ የተጫኑት

አሜሪካ ባዶ መሬት አልነበረችም። አውሮፓውያን ሳይመጡ በፊት ቸሮኪ፣ ክሪክ፣ ፖውሃታንና ሌሎች ብዙ ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር። እንግሊዞች በ1607 ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን ላይ ሰፈሩ። በ1619 ደግሞ ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ወደዚያው ቅኝ ግዛት ደረሱ። መሬቱ ለም ነው፤ ትንባሆ፣ ሩዝ፣ ኋላም ጥጥ ይበቅልበታል። እርሻው ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ ያን ጉልበት ከአፍሪካ በግፍ አመጡት።

በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ከአፍሪካ ዳርቻ በመርከብ የተጫነው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። አብዛኛው የተወሰደው ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ነው፤ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋው ባሕር ላይ አልቋል። በቀጥታ ወደ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው 400 ሺህ አካባቢ ነው።

ከእነዚህ መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው ከሴኔጋል፣ ከጋምቢያና ከጊኒ ምድር የተወሰዱ ናቸው። ያ ምድር ኢስላም ከገባበት ብዙ መቶ ዓመታት ያለፈው፣ ልጆች በእንጨት ለውሕ ላይ ቁርኣን የሚማሩበት፣ ዑለማዎች የማሊኪን ፊቅህ የሚያስቀሩበት አገር ነበር። የወሎን ደረሳ ኑሮ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢሄድ ብዙም እንግዳ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ይስማ። ኢስላም አሜሪካ የገባው በአውሮፕላን አይደለም። በመርከብ ሆድ ውስጥ፣ በሰንሰለት ታስሮ ነው የገባው። የገባውም አሜሪካ የሚባል መንግሥት ከመቋቋሙ በፊት ነው።

▪ ሃያ አምስት ዓመት የተማረው ሰው

ዑመር ኢብን ሰዒድ በ1770 ገደማ በፉታ ቶሮ፣ ዛሬ ሴኔጋል በምንለው አገር ተወለደ። ወንድሙን ሸይኽ ሙሐመድ ሰዒድን ጨምሮ ከዑለማዎች እግር ስር ሃያ አምስት ዓመት ዒልም እንደፈለገ እሱ ራሱ ጽፏል። በ1807 ጦር መጣ። ብዙ ሰው ተገደለ፤ እሱ ተማርኮ ወደ ባሕር ተወሰደ። አንድ ወር ተኩል ተጉዞ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቻርልስተን ወደብ ላይ ተሸጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 ሲጻፍ፣ ባሪያ ከውጭ ማስገባት እስከ 1808 ድረስ እንዳይከለከል የሚል አንቀጽ ገብቶበት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ክልከላው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1808 ጀምሮ ጸና። ዑመር የተሸጠው ይህ ቀን ጥቂት ወራት ሲቀረው ነው። ሱብሓነላህ!

የገዛው ሰው ክፉና አላህን የማይፈራ ነበር። ዑመር ከእሱ ጠፍቶ አንድ ወር ያህል ተጓዘና ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ፌየትቪል ከምትባል ከተማ ደረሰ። ሊሰግድ ወደ አንድ የጸሎት ቤት ሲገባ ታየ፤ ተይዞም ታሰረ። በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ዐረብኛ ይጽፍ እንደነበር ይተረካል። የአካባቢው ሰዎች ጽሑፉን ለማየት መጡ፤ ማንበብ የቻለ ግን አልነበረም። በኋላ ጄምስ ኦዌን የተባለ ባለጸጋ ገዛው፤ ቀሪ ሕይወቱንም በዚያ ቤተሰብ እጅ አሳለፈ።

▪ ወረቀቱ ምን ይል ነበር?

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣንን ለሦስት ከፍሎታል፤ ሕግ የሚያወጣ ኮንግረስ፣ የሚያስፈጽም ፕሬዚዳንት፣ የሚዳኝ ፍርድ ቤት። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ ለመንግሥት ሹመት ማንም ሰው በሃይማኖቱ እንዳይፈተን ይከለክላል።

በ1788 ሐምሌ ላይ የኖርዝ ካሮላይና ተወካዮች ይህን ሕገ መንግሥት እንቀበለው ወይስ አንቀበለው ብለው ሂልስቦሮ ከተማ ላይ ተሰበሰቡ። ከተነሡት ስጋቶች አንዱ «ነገ ሙስሊም ፕሬዚዳንት ቢሆንስ?» የሚል ነበር። ጄምስ አይርዴል የተባለው የሕግ ሰው ተነሥቶ፣ አንዱን ወገን በሃይማኖቱ ካገለልን እኛው የምንሟገትለትን የሃይማኖት ነጻነት እናፈርሳለን ሲል ተከራከረ። ጉባኤው በዚያ ዓመት ሕገ መንግሥቱን ሳያጸድቅ ተበተነ፤ ግዛቲቱ የተቀበለችው በ1789 ነው። በዲሴምበር 15 ቀን 1791 ደግሞ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ አምልኮንም እንዳይከለክል የሚያዝዘው ማሻሻያ ጸደቀ።

ቶማስ ጄፈርሰንም አለ። ገና የሕግ ተማሪ ሳለ፣ በ1765፣ የቁርኣንን የእንግሊዝኛ ትርጉም ገዝቷል። ያረቀቀው የቨርጂኒያ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በ1786 ጸድቋል፤ ሕጉ ሙስሊሙንም እንደሚያካትት በኋላ ራሱ ጽፏል። ይኸው ሰው በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል ስለተባለ ሙስሊም መብት ትልልቅ ሰዎች ተከራከሩ። ቀድሞ የመጣው፣ በእርሻቸው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሙስሊም ግን አልታያቸውም። ያው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት ወንበር ለማከፋፈል ሕዝብ ሲቆጥር አምስት ባሪያን እንደ ሦስት ሰው ያስቆጥር ነበር። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ወረቀት ብቻውን ግን ማንንም ነጻ አላወጣም።

▪ ብዕር ያስፈታቸው

አዩባ ሱለይማን ዲያሎ የቡንዱ ሰው ነው፤ ቁርኣንን በልቡ የያዘ ሐፊዝ ነበር። በ1730 ወደ ጋምቢያ ወንዝ ወረደ። የወረደው ለምን እንደሆነ ሳንሸፋፍን እንናገር፤ ሁለት ሰዎችን ሊሸጥና ወረቀት ሊገዛ ነው። ሲመለስ እሱ ራሱ ተይዞ ተሸጠ። ግፍ ቀለምና ሃይማኖት ለይቶ አይገባም፤ ዓሊም ቤትም ይገባል። ይህን ካልተናገርን የሌላውን ግፍ ለመናገር አፍ አይኖረንም።

አዩባ ሜሪላንድ ውስጥ ጫካ ገብቶ ሲሰግድ አንድ ልጅ ፊቱ ላይ ጭቃ ይወረውርበት ነበር። ጠፋ፤ ተያዘ፤ ታሰረ። በ1731 ለአባቱ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ለንደን ላይ ጄምስ ኦግልቶርፕ ከተባለ ሹም እጅ ገባ፤ ያም ነጻ ለመውጣቱ መንገድ ከፈተ። በ1733 ለንደን ደርሶ ሙሉ ቁርኣንን ከልቡ ሦስት ጊዜ ጻፈ። በ1734 አገሩ ገባ።

ዐብዱረሕማን ኢብራሂማ ደግሞ የፉታ ጃሎን መሪ ልጅ ነበር። በ1788 ተማርኮ ሚሲሲፒ ውስጥ ናቼዝ በምትባል ቦታ አርባ ዓመት ያህል በባርነት ኖረ። በ1826 በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ ሞሮኮ ደረሰ። ሞሮኮ ደግሞ በ1777 ወደቦቿን ለአሜሪካ መርከቦች ከፍታ፣ በ1786 የወዳጅነት ውል የተፈራረመች አገር ናት። የሞሮኮ ሱልጣን ስለጠየቁለት የአሜሪካ መንግሥት ጉዳዩን ያዘውና በ1828 ነጻ ወጣ። ልጆቹን ለማስለቀቅ ከከተማ ከተማ እየዞረ ገንዘብ ለመነ። በ1829 ላይቤሪያ ደረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የትውልድ መንደሩን ሳያይ እዚያው ሞተ። ከቤተሰቡ ጥቂቶቹ በተሰበሰበው ገንዘብ ነጻ ወጥተው ላይቤሪያ የደረሱት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አላህ ይዘንለት።

▪ በደሴቲቱ ላይ የቀረችው ሰደቃ

ጆርጂያ ውስጥ ሳፔሎ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ቢላሊ ሙሐመድ የሚባል፣ እሱም ከፉታ ጃሎን የተወሰደ ሰው፣ በባርነት ይኖር ነበር። በሞተ ጊዜ በእጁ የተጻፈች ትንሽ የዐረብኛ ጽሑፍ ተገኘች። ሰዎች የግል ማስታወሻው ነው ብለው ያስቡ ነበር። በኋላ ሲመረመር ስለ ውዱእና ስለ ሰላት የሚናገር፣ ከኢብን አቢ ዘይድ አልቀይረዋኒ የማሊኪ «ሪሳላ» በትዝታ የተቀዳ ፊቅህ ሆኖ ተገኘ። ኪታብ በሌለበት ደሴት ላይ በልጅነቱ የተማረውን እያስታወሰ ጻፈው።

በ1930ዎቹ ጸሐፊዎች ወደ ደሴቲቱ ሄደው የልጅ ልጆቹን ዘሮች አነጋገሩ። እነሱ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ግን አያቶቻቸው ጎሕ ሲቀድ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረው ይሰግዱ እንደነበር፣ መቁጠሪያ ይዘውም ይቆጥሩ እንደነበር ያስታውሳሉ። አንዲት አሮጊት፣ አያታቸው ሩዝ ወቅጣ ጠፍጣፋ ቂጣ እየጋገረች ለልጆች ታድል እንደነበር ተናገሩ። ቂጣውን «ሰራካ» ይሉታል። ቃሉ ሰደቃ ነው! እምነቱ ከልጆቹ እጅ ወጥቷል፤ ቃሉና ማዕዱ ግን ቀርተዋል።

▪ የዑመር የመጨረሻ ወረቀት

ዑመር በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ከነበረው ቋንቋም ከዐረብኛም ብዙ እንደረሳ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ሃያ አምስት ዓመት የተማረ ሰው፣ በሌላ ሃያ አራት ዓመት የሚያነጋግረው አጥቶ ሲረሳ! ግን በቢስሚላህና በነቢዩ ላይ በሰለዋት ጀመረ፤ ከዚያ ሱረቱል ሙልክን ጻፈ። ሰው ሰውን «ንብረቴ» በሚልበት አገር ታሪኩን የከፈተው፣ ንግሥና ሁሉ በአላህ እጅ መሆኑን በምትናገር ሱራ ነው።

ባለቤቶቹ ክርስትናን ተቀብሏል ይሉ ነበር፤ መጠመቁም ተመዝግቧል። በልቡ የነበረውን አላህ ያውቃል፤ በታሰረ ሰው ላይ እኛ ፈራጆች አይደለንም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በ1857 የጻፋት ወረቀት እስካሁን አለች። በጀርባዋ ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ የክርስቲያኖች «አባታችን ሆይ» ጸሎት መሆኗን ጽፎባታል። ዐረብኛውን ስታነቡት ግን ሱረቱ ነስር ናት።

ዑመር ባርነት በሕግ ሳይሻር፣ የእርስ በእርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ዘጠና ዓመት አልፎት በባርነት ሞተ። ባርነትን በመላ አገሪቱ የሻረው ማሻሻያ የጸደቀው በ1865 ነው።

▪ ወረቀቱን ያስከበሩት

ከዚያ በኋላም መብቱ ሮጦ አልመጣም። የባሪያዎቹ ዘሮች መቶ ዓመት ታገሉለት። ሙሐመድ ዐሊ በ1967 በእምነቱ ምክንያት ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም ሲል ቀበቶውን ነጠቁት፤ አምስት ዓመት እስርም ተፈረደበት። ይግባኝ አለ። በ1971 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ወረቀቱ የሠራው የሚጠይቀው ሰው ስላገኘ ነው።

በጃንዋሪ 2007 የባሪያዎቹ ወገን የሆነው ኪት ኤሊሰን የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። እጁን የጫነው በዚያ በ1765 በተገዛው የጄፈርሰን ቁርኣን ላይ ነው። ያ ቁርኣን የሚቀመጠው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2017 ይኸው ቤተ መጻሕፍት የዑመርን የእጅ ጽሑፍ አስገባ። ባሪያ ገዢው የገዛው ቁርኣንና ባሪያው ከልቡ የጻፈው ሱራ ዛሬ በአንድ ቤት ይኖራሉ።

▪ ለእኛ ምን አለው?

አንደኛ፣ አገርን ሳናውቅ አናምልካት፤ ሳናውቅም አንርገማት። የሕጋቸው ጥሩነት እውነት ነው፤ ግፋቸውም እውነት ነው። ለምንወደውም ለማንወደውም በፍትሕ መመስከር የታዘዝነው ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ መብት በወረቀት ስለተጻፈ ብቻ አይገኝም። አውቆ፣ በሥርዓት፣ ሳይሰለች የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከእነዚያ ሰዎች ላይ ልብሳቸውን፣ ስማቸውን፣ ልጆቻቸውን ሳይቀር ወሰዱባቸው። በልባቸው የያዙትን ግን ማንም አልወሰደባቸውም። እኛ ስንት ኪታብ በስልካችን ይዘናል፤ ስልኩ ሲጠፋ ምን ይቀረናል?

ያን ምሽት ይህን ጨርሼ ልነሣ ስል፣ ያ «በአውሮፕላን ነው» ያለው ልጅ «ኡስታዝ፣ ሱረቱል ሙልክ ስንት አንቀጽ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሠላሳ» አልኩት። በጣቱ ቆጠረና «በቀን ሦስት ሦስት ብንይዝ በአሥር ቀን ታልቃለች» አለ። በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ ጀመርን። ሁለቱም መጥተዋል፤ ሌሎችም ተጨምረዋል። የምትመጡ ካላችሁ በሩ ክፍት ነው።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። በባርነት ለሞቱት ሙስሊሞች ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።