ሕግን ለማሽን ያስረዱ ሰዎች

በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ከሕጎቿ ውስጥ አንድ ሐረግ ነቅሎ ማውጣት አስፈለጋት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን እናገራለሁ።) «ዘገምተኛ ሕፃን» የሚለው አነጋገር በየአንቀጹ ተበትኖ ነበርና በምትኩ «ልዩ ሕፃን» የሚል እንዲገባ ታሰበ። ጣጣው የደረሰው በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሕግ ማዕከል ይሠራ ለነበረው ለጆን ሆርቲ ነው። ሆርቲ ተማሪዎች ሰብስቦ የሕግ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ አስነበበ። ተማሪዎቹ ብዙ ዘለሉ። ሌሎች ተክቶ እንደገና ቢያስነብብም ስሕተቱ አልጠፋ አለ። በመጨረሻ የሕጎቹን ሙሉ ቃል በካርድ ላይ አስበስቶ ለኮምፒዩተር ሰጠው፤ ማሽኑም ሐረጉን ካለበት ሁሉ ለቅሞ አወጣ። በ1960 ዘዴውን ዋሽንግተን ላይ ለአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ጉባኤ አሳየ።

እኔ ያዘንኩት ለተማሪዎቹ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎታችንን ውሳኔዎች ቅጽ በቅጽ እያገላበጠ አንዲት ሐረግ ያደነ ጠበቃ፣ ዓይን ከጥቂት መዝገብ በኋላ ምን ያህል እንደሚታመን ያውቀዋል። በ1973 ገበያ ላይ የዋለው የሕግ መፈለጊያ ሌክሲስም ሆነ ተከትሎት የመጣው ዌስትሎው በዚሁ በሆርቲ መንገድ የሄዱ ናቸው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነበር። ሕፃኑ ማን እንደሆነ፣ ሕጉ ምን እንደሚፈልግለት አያውቅም።

ከዚህ አልፎ ማሽኑን ማከራከር የተመኙም ነበሩ። የየል ዩኒቨርሲቲው ሌይማን አለን በ1957 ባወጣው ጽሑፍ የሕግ ረቂቅ ችግር ከትልልቆቹ ቃላት ብቻ አይመጣም አለ። «እና»፣ «ወይም»፣ «ካልሆነ በቀር» በአንድ አንቀጽ ሲደራረቡ ያው ዐረፍተ ነገር በብዙ ዓይነት ይነበባል፤ በሥነ አመክንዮ ምልክት ቢጻፍ ግን የቱ እንደተፈለገ ይለያል። ውል አርቅቆ የሚያውቅ ሁሉ ምስክር ይሁነኝ፤ በአንዲት «እና» የተነሣ ከቀጠሮ ቀጠሮ የተንከባለለ መዝገብ የማያውቅ ጠበቃ ያለ አይመስለኝም።

በ1970ዎቹ ደግሞ ቶርን ማካርቲ ታክስማን የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። የመረጠው የኩባንያዎችን መልሶ መደራጀት የሚመለከተውን የአሜሪካ የግብር ሕግ ነው፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው አክሲዮን፣ ንብረትና መቶኛ ነው፣ የሰው ስሜት የለበትም። ፕሮግራሙ የትኛው አደረጃጀት ከግብር ነፃ እንደሚሆን መለየት ቻለ። ማካርቲ ቀጥሎ ወደ 1920ው የአይስነር እና ማኮምበር ክርክር ዞረ። ባለአክሲዮን በትርፍ ፋንታ ተጨማሪ አክሲዮን ቢሰጠው ገቢ አግኝቷል ይባላል ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አምስት ለአራት ተከፋፍለው አልተገኘም አሉ። አምስቱም አራቱም ያነበቡት አንድ ሕግ ነው። በደረቁ የግብር ሕግ እንኳ ይህ ከመጣ፣ ሌላው ጋ ምን ሊጠብቅ እንደሚችል ማካርቲ የተረዳ ይመስለኛል።

የዚህ ታሪክ እምብርት ለእኔ ለንደን ነው። በኢምፔሪያል ኮሌጅ ማሬክ ሰርጎት፣ ፋሪባ ሳድሪ፣ ሮበርት ኮዋልስኪና ባልደረቦቻቸው የ1981ን የብሪታንያ የዜግነት ሕግ ፕሮሎግ በተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ ጻፉት። ፕሮሎግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማርሴይ ላይ የተፈጠረ ሲሆን ነገርን ሁሉ «ይህ የሚሆነው ያ እና ያኛው ሲሆኑ ነው» በሚል መልክ ይቀበላል። የሕግ አንቀጽም ሲላጥ ውስጡ ይኸው ነው። የሕጉ የመጀመሪያ ንዑስ አንቀጽ፣ ሕጉ ከጸና በኋላ በብሪታንያ የተወለደ ሰው በተወለደበት ጊዜ አባቱ ወይም እናቱ ዜጋ ወይም በቋሚነት እዚያ ነዋሪ ከሆኑ ዜጋ ነው ይላል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ኢትዮጵያዊት ለንደን ላይ ስትወልድ ልጇ ዜጋ የሚሆነው በዚህች መስመር ነው። ጽሑፋቸው በ1986 ኮሙኒኬሽንስ ኦቭ ዘ ኤሲኤም በተባለው መጽሔት ወጣ።

ፕሮግራሙ እየጠየቀ ይሄዳል። የት ተወለደ? መቼ? እናቱ ያኔ ዜጋ ነበረች? በመጨረሻ ዜጋ ነው ወይም አይደለም ይላል። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ የሚቀጥለው ነው፤ «ለምን?» ሲሉት የመጣበትን መንገድ ደንብ በደንብ ይዘረዝራል። ውሳኔው የማይጥመው ሰው የትኛው ደረጃ ላይ ቆሞ እንደሚከራከር ያውቃል።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ማሽኑ ነከሰ። አንደኛው ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነው። ሕጉ እንዲህ ያለው አራስ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር እዚያው ዜግነት ከሚያስገኝ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ለፕሮሎግ ይህ ቀላል ነው፤ ማስረዳት ያልተቻለን ነገር ሁሉ «የለም» ብሎ መውሰድ ጠባዩ ነውና። ለተጣለው ሕፃን ይህ ጠባይ በረከት ነው። ወላጆቹ ለሚታወቁ፣ ሰነዳቸው ግን ለጠፋ ሰው ሲሆን መርገም ይሆናል። የልደት ምስክር ወረቀት አለመቅረቡና አለመወለድ በማሽኑ ዘንድ አንድ ሊሆኑ ነው። ከአገር ወጥቶ በስደተኞች ጉዳይ መስኮት ፊት የቆመ ሐበሻ ይህን ለማወቅ ፕሮሎግ መማር አያስፈልገውም። ጸሐፊዎቹ ችግሩን አልሸሸጉትም፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ብዙ ደክመውበታል።

ሁለተኛው በማመልከቻ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው «መልካም ጠባይ» ያለው ይሁን የሚለው መስፈርት ነው። ማሽኑ እዚህ ሲደርስ ጥያቄውን ለሰው ይመልሰዋል፤ አዎ ወይም አይደለም በሉኝ ይላል። ፊሊፕ ሊዝን የመሳሰሉ ተቺዎች የተነሡት በዚህ ነው፤ የታተመ አንቀጽ ለብቻው ሕግ አይደለም፣ ሕግ ሰዎች በችሎት የሚያደርጉት ነው አሉ። ትክክል ናቸው። ሆኖም ተቺዎቹ አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል፤ ፕሮግራሙ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አልሆነም። ከዚህ ወዲያ የእናንተ ነው ብሎ ቆመ።

አሜሪካኖቹ ሌላ በር አንኳኩ። እዚያ ክርክር የሚገነባው በቀደሙ ፍርዶች ላይ ነው። ቀደም ሲል ጠበቃ የነበረው ኬቪን አሽሊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ በኤድዊና ሪስላንድ መሪነት በ1980ዎቹ ሃይፖ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ጉዳዩ የንግድ ምስጢር ስርቆት ነው። ምስጢሩ ለውጭ ሰዎች ተነግሯል? ኩባንያው ለመጠበቅ ምን አደረገ? ከድቶ የሄደው ሠራተኛ ጉቦ በልቷል? ሃይፖ እንዲህ ባሉ 13 መለኪያዎች አዲሱን ጉዳይ ከአሮጌዎቹ ጋር ያስተያይና ለከሳሽ የሚበጀውን ፍርድ ይጠቅሳል፤ ዞሮ ለተከሳሽ ሆኖ ያ ፍርድ ከዚህ በምን እንደሚለይ ያሳያል፤ እንደገና ለከሳሽ ይመልሳል። ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ። ማን እንደሚረታ አይናገርም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 (በእኛ አቆጣጠር) የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ እኛም ይህን ሥራ ለምደነዋል፤ «የተጠቀሰው ውሳኔ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይመሳሰልም» ሳይባል የሚያልቅ ክርክር ዛሬ ጥቂት ነው።

በቀደሙ ፍርዶች መከራከር የት ላይ እንደሚያንስ የሚያሳይ አንድ የቀበሮ ክርክር አለ፤ ወደ እሱ እንምጣ። በ1805 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው ነገር ይህ ነው፤ ፖስት የተባለ ሰው ሎንግ አይላንድ ላይ ውሾች አሰማርቶ ባለቤት በሌለው ጠፍ መሬት ቀበሮ ያባርራል። ፒርሰን ሌላው እያባረረ መሆኑን እያየ ጥልቅ ብሎ ቀበሮውን ገድሎ ወሰደ። ዳኛ ቶምፕኪንስ፣ ኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ማባረር ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ መያዝ ወይም ገዳይ ቁስል ማቁሰል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠብና ክስ አያልቅም ብሎ ለፒርሰን ፈረደ። ዳኛ ሊቪንግስተን በልዩነት፣ ቀበሮ ጠላት አውሬ ነው፣ ሲነጋ ተነሥቶ የደከመን አዳኝ ካላከበርን ማን ያድናል አለ። ነገሩን ለአዳኞች ሽምግልና መተው ይሻል እንደነበርም ጨመረ፤ ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

የሕግ መምህሩ ዶናልድ በርማንና የኮምፒዩተር ሊቋ ካሮል ሃፍነር በ1993 ይህን ቀበሮ ከሁለት የእንግሊዝ ፍርዶች ጋር አሰለፉት። በ1707ቱ ኪብል የሚባል ሰው ለሽያጭ ዳክዬ የሚያጠምድበትን ኩሬ ጎረቤቱ ተኩስ እያሰማ ረበሸው፤ ኪብል ረታ። በ1844ቱ መረቡን ሊገጥም ጥቂት የቀረው ዓሣ አጥማጅ ተፎካካሪው በክፍተቱ ገብቶ ዓሣውን ዛቀበት፤ ከሳሹ ተረታ። በሦስቱም ከሳሹ እንስሳውን ገና አልያዘም። መለያ ባሕርያትን እየቆጠረ የሚያመዛዝን ፕሮግራም፣ ኪብል በገዛ መሬቱ ላይ ነበር፣ እንጀራውም ነበር ብሎ ልዩነቱን ሊያሳይ ይችላል። መሬትና እንጀራ ለምን ክብደት እንዳላቸው ግን አያውቅም። በርማንና ሃፍነር የጎደለው የሰንሰለት ቀለበት የሕጉ ዓላማ ነው አሉ፤ ጠብን ማሳጠር፣ ጠቃሚ ሥራን ማበረታታት፣ ፉክክርን በራሱ ሜዳ መተው። ከዚያ በኋላ ትሬቨር ቤንች-ካፖንና ጆቫኒ ሳርቶር እነዚህን ዓላማዎች በፕሮግራም የሚመዘኑ እሴቶች አድርገው ሠሩባቸው፤ ቀበሮው፣ ዳክዬውና ዓሣው የሙያው መፈተኛ ሆኑ። በ2002 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቤዝቦል ተጫዋች ባሪ ቦንድስ የመታትን ኳስ ሁለት ተመልካቾች ሲካሰሱባት ያው የቀበሮ ሕግ ተነሣ፤ ዳኛው ኳሷ ተሸጣ ገንዘቡ እኩል እንዲካፈል ፈረደ፤ ተመራማሪዎቹም በኋላ ወደ ማሽናቸው ወሰዷት።

የሚቀጥለውን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ አልወደውም። በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ማሽንና የሕግ ሊቃውንት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አስቀድመው እንዲገምቱ አደረገ። ማሽኑ 75 በመቶ፣ ሊቃውንቱ 59 በመቶ ያህል አገኙ። ማሽኑ ያየው ስድስት ነገር ነው፤ ጉዳዩ ከየትኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መጣ፣ አመልካቹ ምን ዓይነት ነው፣ የሥር ፍርዱ ወደየት ያዘነብላል፣ የመሳሰለው። ክርክሩን አላነበበም። ለደንበኛዬ ይግባኝ ማለት ያዋጣል ወይ ለሚለው ይህ ይጠቅመኛል፣ አልክድም። ፍርድ ግን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት ይያዝ ሲል፣ ከሦስቱ ይህ ማሽን ያለው አንዱ ብቻ ነው። የለንደኑ ፕሮግራም በጠባቧ ሜዳው ሦስቱም ነበሩት።

ዛሬ የመጣው፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ማሽን ደግሞ ምክንያቱንም ይጽፋል፣ ያውም አሳምሮ። በ2023 በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በአውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ያለ መንገደኛ አቪያንካ አየር መንገድን ከስሶ ነበር። ጠበቆቹ ባቀረቡት ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱ ፍርዶች ተፈልገው ጠፉ። ቻትጂፒቲ የፈጠራቸው ነበሩ፤ እውነተኛ ናቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅም አዎ ብሏል። ዳኛ ኬቪን ካስቴል ጠበቆቹን 5,000 ዶላር ቀጣ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የምደነቀው በሌላው ትእዛዝ ነው፤ ጠበቆቹ የሐሰት ፍርድ በስሙ ለተጻፈበት ለእያንዳንዱ ዳኛ ደብዳቤ እንዲልኩ፣ ከደብዳቤውም ጋር ዳኛው ሰጠው የተባለውን ያልሰጠውን ፍርድ ቅጂ አያይዘው እንዲያደርሱት።